«ጌታ ተናገረኝ» ሲባል፦ የግል መገለጥ በመጽሐፍ ቅዱስ ፊት ምን ሥልጣን አለው?

መርማሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጥናት ቡድኖችም በጸሎት ኅብረቶችም ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው «ጌታ እንዲህ አለኝ»፣ «በሕልም ታየኝ»፣ «መልአክ ነገረኝ» ብሎ ሲመጣ ያ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ፊት ስፍራው የት ነው? ሦስት ነገር ለይታችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ በይፋ የምታስተምረው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በተግባር እንዴት ይፈተናል? ሦስተኛ፣ መገለጡ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ያልሰማው ሰው እንዲታዘዘው ይገደዳል ወይ?

ምስክርነት አልፈልግም፤ ለእሱ ሌላ ክፍል አለ። አስተምህሮውንና አሠራሩን ጻፉልኝ።

ቤርያዊ

በተሐድሶ መምህሩ በካልቪን መስመር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት መልስ በ1646 በተጠናቀቀው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 1 ላይ ይገኛል። ቁጥር 1 እግዚአብሔር ፈቃዱን ለሕዝቡ ይገልጥባቸው የነበሩት የቀድሞ መንገዶች አሁን እንደቆሙ ይናገራል። ቁጥር 6 ደግሞ ለእግዚአብሔር ክብር፣ ለሰው መዳን፣ ለእምነትና ለኑሮ የሚያስፈልገው ምክር ሁሉ ወይ በመጽሐፍ በግልጥ ተጽፏል፣ ወይ ከተጻፈው በትክክል ይወጣል ይላል። በአዲስ የመንፈስ መገለጥም ሆነ በሰው ወግ መቼም ምንም አይጨመርበትም።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ ያቆማል። እዚያው ቁጥር ውስጥ ግን ሁለት ነገር ይከተላል። የተጻፈውን ለመዳን በሚሆን መልኩ ለመረዳት የመንፈስ ቅዱስ የውስጥ ብርሃን ያስፈልጋል፤ የአምልኮና የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር አንዳንድ ሁኔታዎች ደግሞ በተፈጥሮ ብርሃንና በክርስቲያናዊ አስተዋይነት ይወሰናሉ፤ ይህም የቃሉን አጠቃላይ ሕግ ተከትሎ ነው። ስለዚህ «ካልቪናውያን መንፈስ ቅዱስ ዛሬ አይሠራም ይላሉ» የሚለው ክስ ልክ አይደለም። መንፈስ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በተሰጠው ቃል ነው። ካልቪን በዋና ሥራው አንደኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ላይ የሚከራከረው በትክክል ይህን ነው፤ ቃሉን ትተው በመንፈስ ብቻ እንመራለን የሚሉትን።

ምክንያቱ ዕብራውያን 1፥1-2 ነው። እግዚአብሔር በብዙ ዓይነትና በብዙ ጎዳና በነቢያት ተናግሮ በመጨረሻ በልጁ ተናገረ። ኤፌሶን 2፥20ም ሐዋርያትንና ነቢያትን መሠረት ይላቸዋል፤ መሠረት ደግሞ አንዴ ነው የሚጣለው።

ታሪኩም ያስተምራል። በ1521 መጨረሻ የጽቪካው ነቢያት የሚባሉት ከእግዚአብሔር በቀጥታ እንሰማለን እያሉ ቪተንበርግ ገቡ፤ ሉተር በመጋቢት 1522 ተመልሶ በተከታታይ ስብከት ከተማዋን አረጋጋ። በ1537 በጻፈው የሽማልካልደን አንቀጾች ላይም እግዚአብሔር ከውጭ በሚሰማው ቃልና በምሥጢራት በኩል ካልሆነ ከእኛ ጋር እንደማይገናኝ አጥብቆ ጻፈ። የጀርመኗ ከተማ ሙንስተር ደግሞ አለች። በዚያ ነቢይ ነኝ ይል የነበረው ያን ማቲስ የዓለም ፍጻሜ በ1534 ፋሲካ ይሆናል ብሎ ተነበየ፤ በዚያው ፋሲካ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከከተማው ወጣና ተገደለ። ተከታዮቹ አላቆሙም። ያን ፋን ላይደን ተተካ፤ በራእይ ስም ንጉሥ ሆነ፣ ብዙ ሚስት ማግባት አስገደደ፤ ከተማዋ በሰኔ 1535 በደም ወደቀች። ፍጻሜው አለመምጣቱ እንኳ ሰዎቹን አላባነናቸውም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

የሮማው ተማሪ

ከካቶሊክ በኩል ልመልስ። መጀመሪያ መለየት ያለበት ይፋዊ መገለጥና የግል መገለጥ ነው። ይፋዊው በክርስቶስ ተፈጽሞ በሐዋርያት ዘመን ተዘግቷል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ ቁጥር 4 ላይ፣ ከጌታችን የክብር መገለጥ በፊት አዲስ ይፋዊ መገለጥ እንደማይጠበቅ በግልጥ ተቀምጧል። በ1907ም መገለጥ ከሐዋርያት ጋር አልተፈጸመም የሚለው ሐሳብ በሮም ተወግዟል። እዚህ ላይ ከቤርያዊ ጋር የምንለያይበት ነገር ትንሽ ነው። ልዩነታችን ያ የተዘጋው አደራ የሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው፦ መጽሐፍ ብቻ ወይስ መጽሐፍና ትውፊት። ያ ሌላ ክር ይፈልጋል።

የግል መገለጥን በተመለከተ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 67 ሦስት ነገር ይላል። ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻቸው አንዳንድ መገለጦች አሉ፤ የእምነት አደራ አካል ግን አይደሉም። ሥራቸው የክርስቶስን መገለጥ ማሻሻል ወይም ማሟላት ሳይሆን በአንድ ዘመን ውስጥ ይበልጥ እንዲኖር መርዳት ነው። ከክርስቶስ መገለጥ እበልጣለሁ ወይም አርመዋለሁ የሚል ማንኛውም «መገለጥ» ደግሞ ተቀባይነት የለውም።

መርማሪ፣ ለሦስተኛው ጥያቄህ፦ አይገደድም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 14ኛ ያስቀመጡት መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። የጸደቀ የግል መገለጥ የሚቀበለው «ሰብአዊ እምነት» ነው፤ ማለትም አስተዋይ ሰው ታማኝ ምስክርን የሚያምነውን ያህል። ለወንጌል የሚሰጠው የእምነት መታዘዝ አይሰጠውም። ካቶሊክ የሆነ ሰው በበቂ ምክንያትና ያለ ንቀት እስከሆነ ድረስ ማርያም በፖርቱጋል ታየችበት የሚባለውን የፋጢማን መልእክት ባይከተል ከእምነቱ አልወጣም።

አሠራሩ በግንቦት 2024 ተሻሽሏል። ቀድሞ በ1978 በወጣው መመሪያ ጳጳሱ መርምሮ «ከሰማይ መሆኑ ተረጋግጧል» ሊል ይችል ነበር። አሁን በተለመደው አሠራር እንዲህ አይባልም። የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ያጣራል፣ ውሳኔውን ለሮም የእምነት አስተምህሮ መምሪያ ያቀርባል፣ መምሪያው ካጸደቀ በኋላ ከስድስት ደረጃ በአንዱ ይመደባል። ከላይ ያለው «የሚከለክል ነገር የለም» የሚለው ነው። ከታች ያለው «ከሰማይ አይደለም» የሚለው ግልጽ መግለጫ ነው። በመካከላቸው «በጥንቃቄ ይታይ» ከሚለው ጀምሮ «ይከልከል» እስከሚለው ድረስ አራት ደረጃ አለ። የመጀመሪያው እንኳ ትርጉሙ «በዚህ መንፈሳዊ ልምምድ ውስጥ ለእምነት የሚጎዳ ነገር አልተገኘም፣ መልካም ፍሬም ይታያል» ነው። ክስተቱ በእርግጥ ከሰማይ ነው ማለት አይደለም። በመስከረም 2024 በቦስኒያ ያለው፣ ማርያም ታየችበት የሚባለው መጁጎርዬ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ዜናው «ጸደቀ» ተብሎ ሲዞር ግን ብዙ ሰው ተሳስቶ ተረዳው።

መርማሪዎቹ የሚያዩት አሉታዊ ምልክትም ተዘርዝሯል፦ ግልጽ የሆነ የፍሬ ነገር ስሕተት፣ የአስተምህሮ ስሕተት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚነጥል የቡድን መንፈስ፣ ከክስተቱ ጋር የተያያዘ የገንዘብ፣ የሥልጣን ወይም የዝና ፍለጋ፣ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት፣ የአእምሮ ጤና ችግር ወይም የጅምላ ስሜት።

ቤርያዊ

ወንድሜ፣ በወረቀት ላይ ያለው ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ። በተግባር ግን ድንበሩ ሲሸረሸር አያለሁ። የፖላንዳዊቷ መነኩሲት የፋውስቲና ራእይ የግል ነው ተባለ፤ በ2000 ግን ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ «የመለኮታዊ ምሕረት እሑድ» ተብሎ በመላው ቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ገባ። በዓል ሆኖ ከመጣ በኋላ «አትገደድም» ማለት ምን ትርጉም አለው?

የሮማው ተማሪ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ መንገዱ አጭር አልነበረም። በ1959 የሮም መሥሪያ ቤት የፋውስቲናን ጽሑፎችና በእሷ ስም የሚሠራጨውን ሥዕል ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው ጽሑፎቿ በቅጡ ከተመረመሩ በኋላ በ1978 ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ መታዘዝ ራሱ ፈተና ነበር። ሁለተኛ፣ በዚያ እሑድ በቅዳሴ የሚነበበው ዮሐንስ 20፥19-31 ነው። ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ ኃጢአትን ይቅር የማለት ሥልጣን የሰጠበት፣ ቶማስ ቁስሉን ያየበት ክፍል። ይህ ንባብ በዚያ ሳምንት ከፋውስቲና በፊትም ይነበብ ነበር። ማስታወሻ ደብተሯ በቅዳሴ አይነበብም። በዓሉ የሚሸከመው ወንጌሉን ነው፤ ራእዩ ወደዚያ አመለከተ።

በተግባር ሕዝቡ አንዳንዴ ከወንጌሉ ይልቅ ወደ መልእክቱ እንደሚያደላ ግን አልክድም። ይህን ለማረም ከሁሉ የሚጠቅመኝ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ የመስቀሉ ዮሐንስ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ አወጣጥ ትምህርቱ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 22 ላይ፣ ዛሬ ራእይ እንዲሰጠው የሚለምን ሰው ዓይኑን በክርስቶስ ላይ ባለማሳረፉ እግዚአብሔርን ያሳዝናል ይላል። አብ ያለውን ሁሉ በልጁ ተናግሯል፤ ሌላ የሚጨምረው ቃል የለውም። ይህን የጻፈው ራሱ በጸሎት ጥልቅ የነበረ ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

ዘገዳም

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በኦርቶዶክስ መንፈሳዊ ሕይወት ጥያቄው ከሌላ ወገን ነው የሚጀምረው። አበው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ ራእይ እውነት ነው ወይስ ሐሰት» ብለው አይደለም፤ «ለምን ፈለግኸው?» ብለው ነው። ራእይ መፈለግ ራሱ የስሕተት በር ነው፤ ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንዲመስል ራሱን ይለውጣልና (2ኛ ቆሮ. 11፥14)።

በበረሃ አባቶች ዘንድ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ዲያብሎስ በብርሃን መልአክ አምሳል ለአንድ መነኩሴ ታይቶ «እኔ ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬአለሁ» አለው። መነኩሴው «ወደ ሌላ የተላክህ እንዳትሆን ተመልከት፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም» ብሎ መለሰ፤ ያም ወዲያው ጠፋ። አባቶች ከዚህ ያወጡት ሥርዓት ቀጥተኛ ነው። ራእይ ሲታይህ አትቀበለው፣ አትሳደበውም፤ ጸሎትህን ቀጥል፣ ለንስሐ አባትህ ንገር። ከእግዚአብሔር ከሆነ ባለመቀበልህ አይቀየምህም፤ ትሕትና ነውና። ከጠላት ከሆነ ደግሞ ድነሃል።

ስለ መጽሐፍ ሥልጣን ግን ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ በኪየቭ ዋሻዎች ገዳም መነኮሳት ታሪክ ውስጥ አለ፤ 11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኒኪታ የሚባል ወጣት መነኩሴ አባቶች ሳይፈቅዱለት ብቻውን ተዘግቶ መኖር ጀመረ። በመልአክ አምሳል የታየው ጠላት «አንተ መጸለይ ተው፣ መጻሕፍትን አንብብ፤ ስለ አንተ እኔ እጸልያለሁ» አለው። ኒኪታ ብሉይ ኪዳንን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ተማረ፤ በሩቅ የሆነውን ለመሳፍንት መናገር ጀመረ፤ የተናገረውም ይሆን ነበር። አባቶች ስሕተቱን ያወቁት ግን በአንድ ምልክት ነው፦ ወንጌልንና የሐዋርያትን መልእክት ማንበብ ቀርቶ ሲነበቡ መስማት አይወድም ነበር። ተሰብስበው ጸለዩለት፣ ከተዘጋበት አወጡት። ከዚያ በኋላ ማንበብ እንኳ እስኪቸግረው ድረስ ያ እውቀት ሁሉ ከእርሱ ጠፋ፤ በመታዘዝ እንደገና ተማረ፤ ኋላም የኖቭጎሮድ ጳጳስ ሆነ።

ተመልከቱ፣ መጽሐፍ ሳይጠቅስ የሚያስት የለም። የሚመረመረው ጥቅስ መኖሩ አይደለም፤ የትኛውን ክፍል እንደሚሸሽ ነው። አንድ «ራእይ አየሁ» የሚል ሰው ስለ ንስሐ፣ ስለ መታዘዝ፣ ጠላትን ስለ መውደድ ሲነበብለት የሚቆጣ ከሆነ አባቶች ሌላ ማስረጃ አይፈልጉም።

ጸጋ በዛ

እኔ ደግሞ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ዛሬም አሉ ከሚሉት ወገን ነኝ። የአጀማመራችን ቃል «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» የሚለው ነው (1ኛ ተሰ. 5፥19-21)። ሁሉም ትእዛዝ ናቸው፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻልም። የሚንቅም የማይፈትንም እኩል አልታዘዘም።

ጴንጤቆስጤዎች ትንቢትን ከመጽሐፍ እኩል ያደርጋሉ የሚባለው በይፋ አስተምህሮ ደረጃ እውነት አይደለም። የአሰምብሊስ ኦፍ ጎድ የ1916 የእምነት መግለጫ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ የማይሳሳት የእምነትና የሥነ ምግባር መመሪያ መሆኑን ነው። ችግሩ ያለው በመድረክ ላይ ነው። «እንዲህ ይላል እግዚአብሔር» ብሎ በመጀመሪያ መደብ መናገር ሲለመድ፣ ሰሚው ያንን ከኢሳይያስ የሚለይበት መንገድ ያጣል።

1ኛ ቆሮንቶስ 14 ሥርዓት ሰጥቶናል። ሁለት ወይም ሦስት ይናገሩ፣ «ሌሎችም ይለዩአቸው» (ቁ. 29)። ለተቀመጠው ቢገለጥለት ፊተኛው ዝም ይበል (ቁ. 30)። የነቢያትም መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ (ቁ. 32)። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነው፦ «መንፈስ ያዘኝ፣ ማቆም አልቻልኩም» የሚለው ምክንያት በራሱ በጳውሎስ ቃል ይወድቃል። በአንድ ጉባኤ አሥራ አምስት ሰው ተከታትሎ ተንብዮ አንድም ሰው ሳይመዝን ከተበተነ፣ የቁጥር 29 ሁለተኛው ግማሽ አልተፈጸመም።

ስትፈትኑ ሦስት ነገር ለዩ። የታየው ወይም የተሰማው ምንድን ነው? ትርጉም ብሎ የሰጠው ምንድን ነው? ምን አድርጉ አለ? ከማውቃቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚገቡት በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። ሐዋርያት ሥራ 21ን ተመልከቱ። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንደሚታሰር በመንፈስ ተነገረ፤ እውነት ነበር። ወንድሞች ከዚያ ተነሥተው «አትሂድ» ብለው ለመኑት (ቁ. 12)፤ ጳውሎስ ግን የሰማውን ተቀብሎ ምክራቸውን አልተቀበለም። እነሱም በመጨረሻ «የጌታ ፈቃድ ይሁን» አሉ።

ቤርያዊ

እህት ጸጋ፣ እዚህ ላይ ግልጽ አድርጊልኝ። አንዳንድ የአንቺ ወገን መምህራን የጳውሎስን መታሰር የተናገረው ነቢይ አጋቦስ በዝርዝሩ ተሳስቷል ይላሉ፤ አይሁድ ያስሩታል ብሎ ነበር፣ ያሰሩት ግን ሮማውያን ናቸው (21፥33)። ከዚያም «ስለዚህ የዛሬ ትንቢት ሊሳሳት ይችላል፣ ተናጋሪው ግን ሐሰተኛ ነቢይ አይባልም» ወደሚል ይሄዳሉ። ዘዳግም 18፥20-22 ግን እንዲህ ያለ መካከለኛ ደረጃ አይሰጥም። በዚያ ላይ ጳውሎስ ራሱ በ28፥17 «ከኢየሩሳሌም እንደ ታሰርሁ በሮማውያን እጅ አሳልፈው ሰጡኝ» ብሎ አጋቦስ ባለው መልክ ነው የሚተርከው።

ጸጋ በዛ

28፥17ን ማንሣትህ ልክ ነው፤ በእኔም አስተያየት አጋቦስ አልተሳሳተም። የሚሳሳት ትንቢት የሚለው ትምህርት በአጋቦስ ላይ ሊቆም አይችልም። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ላይ «ይለዩአቸው» መባሉ ግን ይቀራል። የማይሳሳት ቃል አይመዘንም፣ ይታዘዙታል። ጳውሎስ ጉባኤው እንዲመዝን ካዘዘ፣ የሚነገረው ቃል ከሐዋርያው መልእክት በታች ነው ማለት ነው። እዚያው ቁጥር 37 ላይ ነቢይ የሆነ ቢኖር እኔ የምጽፈው የጌታ ትእዛዝ መሆኑን ይወቅ ይላል። የሚመዝነው የተጻፈው ነው፣ የሚመዘነው የሚነገረው ነው። በዚህ አንተና እኔ አንድ ነን ብዬ አምናለሁ።

ቤርያዊ

በቅደም ተከተሉ አንድ ነን፤ ደስ ብሎኛል። «ትንቢት» ብሎ መጥራቱ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ለምእመናን የምመክረው «ጌታ አለኝ» ከማለት «በልቤ ይህ ከብዶኛል፣ መርምሩልኝ» እንዲሉ ነው። መጀመሪያው አነጋገር የሰሚውን አፍ ይዘጋል፤ መልስ ቢሰጥ ከእግዚአብሔር ጋር የተከራከረ ይመስለዋል።

አወያይ

የግል ምስክርነት የያዙ ምላሾች ወደ ምስክርነት ክፍል ተዛውረዋል። እባካችሁ በርዕሱ ላይ ቆዩ።

አዲስ አንባቢ

እየተማርኩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መገለጡ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ካልተጋጨ መቀበል አይበቃም እንዴ? ሁልጊዜ የምንማረው መለኪያ እሱ ነው።

ሊቀ ንባብ

ልጄ፣ ጥያቄህ የነገሩ ሥር ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አንድ የግል ቃል ከሦስት በአንዱ ይወድቃል። ከመጽሐፍ የሚቃረን ከሆነ ገላትያ 1፥8 ጨርሶታል፤ ከሰማይ መልአክ እንኳ ቢሆን። መጽሐፍ ያለውን የሚደግም ከሆነ (ንስሐ ግቡ፣ ይቅር በሉ፣ ጸልዩ) ሥልጣኑ ከመጽሐፉ ነው፤ ቃሉ ባይመጣም ግዴታው ነበረ። ሦስተኛው ግን መጽሐፍ ዝም ያለበት ቦታ ነው፦ እገሊትን አግባ፣ ሥራህን ልቀቅ፣ መድኃኒቱን አቁም፣ ይህን ያህል ስጥ፣ ከእገሌ ራቅ። ከመጽሐፍ ጋር አይጋጭም፤ መጽሐፍ ስለ እገሊት አልተናገረማ። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በዚህ ሦስተኛው ቦታ ነው፤ «አይጋጭም» የሚለው መለኪያም በትክክል እዚህ ነው የሚያልቅበት።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ይህ ቃል መጽሐፍ ነጻ ያደረገውን ሕሊና ያስራል ወይ? መጽሐፍ ለአማኙ የተወለትን ምርጫ የሚነጥቅ ቃል፣ ይዘቱ ምንም ያህል መልካም ቢመስል፣ ራሱን መጽሐፍ አድርጓል። ሙሽራይቱ ወደ ጋብቻ የምትገባው በፈቃዷ ነው፤ የሌላ ሰው ሕልም ፈቃዷን አይተካም።

ቀደምት ቤተ ክርስቲያን ይህን ገና ከጅምሩ ታውቀው ነበር። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የሐዋርያት ትምህርት ምዕራፍ 11 ላይ መለኪያው ፍጹም ተግባራዊ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ሦስት ቀን የሚቆይ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ከእንጀራ በቀር ገንዘብ የሚጠይቅ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ሆኖ ማዕድ አዝዞ ራሱ የሚበላ ሐሰተኛ ነው። «ገንዘብ ስጡኝ» ቢል አትስሙት፤ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት። ተናጋሪው ከቃሉ ምን እንደሚያገኝ ተመልከቱ ማለት ነው።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን በፍርግያ ሞንታኖስ፣ ጵርስቅላና መክሲሚላ ተነሡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነሱ መጽሐፍን የካዱ ይመስለዋል። አልካዱም። የጨመሩት ጥብቅ ጾምና ሁለተኛ ጋብቻን መከልከልን የመሰለ ሥርዓት ነው፤ መሠረቱን ያደረጉት ግን በአዲስ ትንቢት ላይ ነበር። እንደ ጠርጡሊያኖስ ያለ ታላቅ ጸሐፊ እንኳ የሳበው ይህ ጥብቅነት ነው። መክሲሚላ ከእኔ በኋላ ነቢይ የለም፣ ፍጻሜው ነው ማለቷም ተጽፎባታል፤ ሞተች፣ ፍጻሜውም አልሆነም።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ተመልከት፤ በጣም የምወደው ነው። ሙራቶሪ የሚባለው ጥንታዊ የመጻሕፍት ዝርዝር አለ፤ ብዙ ሊቃውንት ከ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይመድቡታል። ስለ ሄርማስ የራእይ መጽሐፍ ሲናገር በቅርብ ጊዜ በእኛ ዘመን የተጻፈ ነው ይላል፤ ስለዚህ ይነበብ፣ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ ከነቢያት ወይም ከሐዋርያት ጋር አይነበብ። አልተወገዘም፣ አልተቃጠለም። ይጠቅማል፣ ይነበባል፣ ከአትሮንሱ ላይ ግን አይወጣም። ዛሬ የምንጠይቀውን ሁሉ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሶታል።

አሁን 1ኛ ነገሥት 13ን ክፈት። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው ግልጽ ትእዛዝ ነበረው፦ እንጀራ አትብላ፣ ውኃ አትጠጣ፣ በመጣህበት መንገድ አትመለስ። ንጉሡ ኢዮርብዓም ጋበዘው፣ እንቢ አለ። ከዚያ የቤቴል ሽማግሌ ነቢይ መጥቶ «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ተናገረኝ» ብሎ ዋሸው፤ ሰውየው ተመለሰ፣ በላ፣ በመንገድ አንበሳ ገደለው። ንጉሥን እንቢ ያለ ሰው በነቢይ ተሸነፈ። የተቀበለውን ትእዛዝ ለማንሣት የሌላ ሰው መልአክ በቂ አልነበረም፤ አልመረመረም።

መርማሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በተግባር ደረጃ ግን አንድ የጥናት ቡድን መሪ ነገ ቢገጥመው ከየት ይጀምር?

ጸጋ በዛ

በእኛ በኩል የሚሠራውን ላስቀምጥ፤ ሌሎቻችሁ አርሙኝ።

መጀመሪያ ይጻፍ፣ በዚያው ቀን፣ በተናጋሪው ቃል፣ ከነቀኑ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ካልተጻፈ ቃሉ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ክስተት ሲመጣ ወደ ኋላ ተስተካክሎ «ተናግሬ ነበር» ይባላል። ሲጻፍ የታየው፣ ትርጉሙና የሚያዘው ነገር በሦስት መስመር ይለይ። ከዚያ ለማንም ከመነገሩ በፊት ተናጋሪውን የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት የበሰሉ ሰዎች ይዩት። ቃሉ የሚመለከተው ሰው የሚሰማው ከነሱ በኋላ ነው፤ ሲሰማም «መርምረው» ተብሎ ነው።

አንዳንድ ቃል እዚያው ይቆማል፣ ወደ ሰውየው አይደርስም፦ ጋብቻ የሚያዝ፣ ሕክምና የሚያስቆም፣ ገንዘብ ለተናጋሪው ወይም ለአገልግሎቱ የሚጠይቅ፣ የጌታን መምጫ ቀን የሚቆርጥ፣ ማስረጃ ሳይኖር የሰውን ስውር ኃጢአት የሚያወጣ። ከሁሉ በላይ «ለማንም አትንገር» ብሎ የሚጀምር ቃል። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ሌሎች እንዲለዩ ያዛል፤ ምስጢር ያ እንዳይሆን ይዘጋዋል።

የጊዜ ጫናንም ተጠንቀቁ። «እስከ ነገ ካልወሰንክ በረከቱ ያልፍሃል» የሚል ቃል ፈተናን እየሸሸ ነው።

ዘገዳም

እጨምራለሁ፦ ሰውየው ይብላ፣ ይተኛ። በረጅም ጾምና በእንቅልፍ እጦት ውስጥ የታየ ነገር ሰውነቱ እስኪመለስ ድረስ ባይተረጎም ይሻላል። ድምፁ ራሱን እንዲጎዳ ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚያዝዘው ከሆነ ደግሞ ምርመራው አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ፣ ብቻውንም አይተው። ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይቀጥላል።

የሮማው ተማሪ

መነኩሲቷ የአቪላዋ ቴሬዛ ከእግዚአብሔር የሆነ ቃል ሦስት ምልክት አለው ትላለች፤ የሚለውን የማድረግ ኃይል፣ በነፍስ ውስጥ የሚተወው ጸጥታ፣ ከትዝታ አለመጥፋቱ። ነገር ግን እነዚህን ካስቀመጠች በኋላ እንኳ፣ ከባድ ጉዳይ ከሆነ የተማረና አስተዋይ የንስሐ አባት ሳያማክሩ ምንም እንዳይደረግ አጥብቃ ታዝዛለች። ውስጣዊው ምልክት ብቻውን ለእሷም አልበቃትም።

አዲስ አንባቢ

የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ሰው የተናገረው ደጋግሞ ሲፈጸም ቢታይስ? ያን ጊዜ ቀጣዩን ቃል ያለ ምርመራ መቀበል ይቻላል?

ሊቀ ንባብ

አይቻልም። ዘዳግም 13፥1-3 ስለዚህ ነው የተጻፈው፤ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አማልክት ከጠራህ አትስማው ይላል። ቅድም ወዳነሣነው ምዕራፍ ብትመለስ ደግሞ ያ የዋሸ ሽማግሌ ነቢይ በዚያው ማዕድ ላይ ሳለ እውነተኛ የእግዚአብሔር ቃል መጥቶለት ሲናገር ታገኛለህ (1ኛ ነገሥት 13፥20-22)፤ ያም ተፈጸመ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ሐሰትም እውነትም ወጣ። ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 10 እውነተኛ ራእይ አየ፤ በአንጾኪያ ግን ከዚያው ራእይ ትምህርት ሸሽቶ ከአሕዛብ ማዕድ ሲለይ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው (ገላ. 2፥11-14)። የሚመረመረው እያንዳንዱ ቃል ነው።

ጸጋ በዛ

ለዚህም ነው መዝገቡ ያልተፈጸሙትንም መያዝ ያለበት። ብዙ ቦታ የሚነገረው የተፈጸመው ብቻ ነው፤ የቀረው ይረሳል፤ ከዚያ «ቃሉ መሬት አይወድቅም» የሚባል ሰው ይፈጠራል። በጉባኤ ፊት የተነገረ ቃል ሳይፈጸም ከቀረ ተናጋሪው በዚያው ጉባኤ ፊት «ተሳስቻለሁ» ይበል፣ መሪዎቹም ለጊዜው ከመናገር እንዲያርፍ ያድርጉ። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ከመጀመሪያውም ማይክ ባይሰጠው ይሻላል።